አፈር ሳይመለስ፦ የመሪጌታ ይርሳው ደምለው የሕይወት ታሪክ

መሪጌታ ይርሳው ደምለው ከአባታቸው ከአቶ ደምለው አየነውና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጥሩዬ መኮንን ጥቅምት 12 ቀን 1946 ዓ.ም. በምሥራቅ ጎጃም፣ ከሞጣ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የገበሬ መንደር ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የበኩር ልጅ ሲሆኑ ከእሳቸው ቀጥሎ አንዲት እህት፣ በዛብሽ፣ ተወልዳለች።

በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ልጅነትን በሁለት መስመር አልፎ ወደ ትምህርት መግባት የተለመደ ነው። እኔ ግን አላልፈውም። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት የበዛብሽ ልጅ አርሴማ ነኝ፤ በሞጣ በአዋላጅ ነርስነት እሠራለሁ፤ አሳድገው ለሰው ያበቁኝ መሪጌታ ናቸው። ዘመዶቼ «ሐዘን ላይ ነው የሚነበበው፣ ረጋ ብለሽ ጻፊው» ብለውኝ ነበር። ሞክሬ አልሆነልኝም። የተቆጣሁበት ምክንያት ይህ ተነቦ ሳያልቅ ለሁላችሁም ግልጽ ይሆናል።

በ1955 ዓ.ም. ክረምት መንደሩን ንዳድ ገባበት። አቶ ደምለውና ወ/ሮ ጥሩዬ ተከታትለው ዐረፉ። ቀብራቸው ላይ አገሩ ሁሉ ወጥቶ አለቀሰ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እንባውስ አልገደደም። ሁሉም ሰው የሁለቱን ልጆች ራስ እየዳበሰ «አይዟችሁ፣ እግዚአብሔር አለ» ብሎ ወደየቤቱ ሄደ። «እኔ አለሁ» ያለ ግን አልነበረም።

ቀጥሎ አርባቸው መጣ። ቤቱ አንድ ጥማድ በሬ ነበረው። ዘመድ ተሰብስቦ «ተዝካራቸው ሳይወጣ ቢቀር ነውር ነው» አለና አንዱን በሬ አረደው፤ ሌላውን ሸጦ ለጠላው ጌሾና ብቅል፣ ለወጡ በርበሬና ቅቤ ገዛበት። ካህናቱ ፍትሐቱን አደረሱ፤ በሉ፣ ጠጡ፣ መርቀው ሄዱ። ሲነጋ ሁለት ሕፃናትና ባዶ በረት ቀረ። በሬ የሌለው ቤት መሬቱን በምን ያርሰዋል? መሬቱ በዘመድ እጅ ገባ። እናቴን አንዲት የአባቷ ዘመድ «እንደ ልጄ አሳድጋታለሁ» ብለው ወሰዷትና ገረድ አደረጓት። መሪጌታን ደግሞ «ይማር» ብለው ወደ አብነት ትምህርት ቤት ላኳቸው። ይማር ማለታቸው ብቻ አልነበረም፤ ከዓይናችን ይራቅልን ማለታቸውም ነበር።

የቆሎ ተማሪ ሆነው፣ አኩፋዳቸውን አንግተው በየደጁ ሲለምኑ፣ አንድ ቀን የቆሙበት ደጅ የወላጆቻቸውን ተዝካር ከበሉት ካህናት የአንዱ ቤት ሆኖ ተገኘ። «በእንተ ስማ ለማርያም» አሉ። የወጣላቸው ቁራሽ ሳይሆን ውሻ ነው። ጠባሳው እስከ ዕለተ ሞታቸው ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ነበር፤ ትናንት ሲገነዙ የነበረ ሰው አይቶታል። መሪጌታ ይህን ሲያወሩ በውሻው አማርረው አያውቁም። «የአባቴን በሬ በልቶ ልጁን አላወቀውም» ነበር የሚሉት። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው እንዲህ ዓይነቱን ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ያለ ልጅ በቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ደጅ ተራበ።

በዚያው ዓመት ሞጣ ገበያ ላይ በትኩሳት ወደቁ። ያነሧቸው የጨርቅ ነጋዴው አቶ ሙሐመድያሲን ናቸው። ቤታቸው አስተኝተው፣ የልጁ ሃይማኖት እንዳይነካ ብለው ምግቡን በክርስቲያን ጎረቤታቸው እጅ እያሠሩ፣ በጎረቤቲቱ ሰሃን እያስቀረቡ፣ ባለቤታቸው ወ/ሮ ዘይዳም «ዛሬ ጾም ነው ወይስ ፍስክ?» እያሉ እየጠየቁ፣ እስኪድኑ ድረስ አስታመሟቸው። የቤቱ ልጅ አቶ አብዱልዋሂድ የመሪጌታ እኩያ ነበሩ፤ ዕድሜ ልካቸውን ጓደኛ ሆነው ኖሩ። አቶ አብዱልዋሂድ በኋላ ንግዳቸውን ወደ ቢቸና አዙረው የዚህ ደብር አጥር ጎረቤት ሆነዋል። አሁንም እዚህ መካከላችን ቆመዋል። ወደ ስማቸው መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

መሪጌታ ይርሳው ንባቡንና ዜማውን ከተማሩ በኋላ በሞጣና በቢቸና ዙሪያ ባሉ ጉባኤ ቤቶች እየተዘዋወሩ ቅኔ ተምረው በ1969 ዓ.ም. ተመረቁ። በ1970 ዓ.ም. ከወ/ሮ ፍሬ አዱኛ ጋር በቁርባን ተጋብተው ሥልጣነ ክህነት ተቀበሉ፤ አቶ ሣህለ ማርያምንና ወ/ሮ እስከዳርንም ወለዱ። ቅኔ ሲያስተምሩ ያፈሯቸው ደቀ መዛሙርት ብዙ ናቸው። ስለ ቅኔያቸው የሚናገር ስለማይጠፋ ያንን ለባለሙያዎቹ እተወዋለሁ፤ ከፊሎቹ ዛሬም ሊያወድሷቸው ተራቸውን እየጠበቁ እንደሆነ አይቻለሁ።

በ1979 ዓ.ም. እናቴ በዛብሽ ዐረፈች። አባቴ ቀድሞ ሞቶ ነበር። መሪጌታ መርዶው ዘግይቶ ደርሷቸው በእግራቸው ሲገሰግሱ ቢመጡም አፈር ተመልሶ ደረሱ። ሰዉ እኔን፣ የአራት ዓመት ሕፃን፣ ከብቦ «አይዞሽ» ይላል። «ማን ነው የሚይዛት?» ብለው ጠየቁ። አንዱ አንዱን አየ። ደግመው ጠየቁ። አንድ ሽማግሌ «እግዚአብሔር ያውቃል» አሉ። መሪጌታም «እግዚአብሔርማ ያውቃል፤ የጠየቅሁት እናንተን ነው» ብለው ትከሻቸው ላይ አስቀመጡኝና ይዘውኝ ሄዱ። ከዚያ ቀን የማስታውሰው የጥምጥማቸውን ጫፍ ይዤ እንደነበረ ነው። ያን ዕለት ያጡትን መልስ ነው በኋላ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከመቃብር አፍ ላይ ቆመው ሲጠይቁ የኖሩት።

በ1986 ዓ.ም. የዚች የሾላ ምንጭ ኪዳነ ምሕረት አስተዳዳሪ ሆነው ተሾሙ። በተሾሙ በዓመቱ አንዲት ባል የሞተባት እናት አንድ ልጇን ትታ ሞተች። ፍትሐቱ አልቆ፣ አስከሬኗ ወርዶ፣ ጎልማሶቹ አካፋ ሲያነሱ መሪጌታ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው «አፈሩ ይቆይ» አሉ። «ይህ ልጅ ዛሬ የሚያድረው የት ነው?» ጎልማሶቹ አካፋቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «እንግዲያውስ እሷም ሳትሰማ አፈር አናለብሳትም። ከዘመድ አንድ፣ ከጎረቤት አንድ፣ ከእኛ ከካህናቱ አንድ፤ ሦስት ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ እኔ አለሁ ይበል። ዘመዱ ያስጠጋዋል። ጎረቤቱ በደል እንዳይደርስበት ዓይኑን አይነቅልም። ሁለቱ ቃላቸውን ቢበሉ ደግሞ የሚጠየቀው ካህኑ ነው።»

ሕዝቡ ፀሐይ ላይ ቆሞ ላብ አጠመቀው። ከሴቶቹ አንዷ ጎረቤት «እኔ አለሁ» አለች። ዘመድ ጠፋ። መሪጌታ ዙሪያውን ሲያዩ የልጁ ክርስትና አባት ከሰው ኋላ ፈንጠር ብሎ ቆሟል። «አንተ ከጥዱ ጀርባ ያለኸው! ክርስትና ስታነሣው ሰይጣንን እክደዋለሁ ያልኸው ስለ ማን ነበር?» አሉት። ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ «እኔ አለሁ» አለ። የካህናቱ ተራ ሲደርስ ሁሉም የጫማውን ጫፍ ማየት ጀመረ። መሪጌታ ራሳቸው «ከካህናት እኔ አለሁ» አሉና አፈሩ ተመለሰ።

ክርስትና አባትየው ቃሉን ዓመት አልጠበቀም። ልጁን ከትምህርት አስቀርቶ ጉልበቱን ሲበዘብዘው፣ ጎረቤቲቱ በአደራዋ መሠረት መጥታ ነገረች፤ መሪጌታም ሄደው አመጡት። ከእኔ ጋር በአንድ ትሪ በልቶ፣ በወ/ሮ ፍሬ እጅ ታጥቦ፣ በመሪጌታ ጉባኤ ተምሮ አደገ። ያ ልጅ ስጦታው ይባላል። ዛሬ ቀሲስ ስጦታው ተብለው ይህችን ደብር የሚያስተዳድሩት እሳቸው ናቸው።

መሪጌታ ሁለተኛው ያቆሙት ሥርዓት የተዝካሩ ነው። ልጅ ጥሎ የሞተ ሰው ቤት ካህን ገብቶ ተዝካር እንዳይበላ ከለከሉ። ፍትሐቱ ይደረሳል፣ ቅዳሴው ይቀደሳል፣ ስሙ ይጠራል፤ በሬው ግን አይታረድም። በሬው የልጁ ነው፤ ልጁ እስኪደርስ ድረስ ሰበካ ጉባኤው አደራ ይጠብቀዋል። ይህ ያስቆጣው ካህናቱን ብቻ አልነበረም፤ ሰው የሞተባቸውንም ነው። አንድ አባት «እንዴት ወንድሜን እንደ ውሻ ቀብሬ ዝም እላለሁ? ነፍሱ ትራባለች!» ብለው ጮኹባቸው። መሪጌታም «ነፍሱን በቅዳሴ እናጠግባታለን። የሚራበው ልጁ ነው» አሉ።

በሬው ተርፎ የሚያርስ ቢጠፋ ደግሞ ሦስተኛ ነገር አመጡ። አገራችን በወር በዓላት እርሻ እንደማይወጣ ታውቃላችሁ። መሪጌታ በእነዚያ ቀናት ቅዳሴ ሲወጣ ካህናቱን አስከትለው ወደ ሙት ልጆች ማሳ ይወርዱ ነበር። ሞፈር ከያዙ ዓመታት ያለፏቸው ካህናት በሙሉ፣ ጥምጥማቸውን አውልቀው ትልም ሲያጣምሙ ሕዝቡ አጥር ላይ ሆኖ ይስቅ ነበር፤ በኋላ ግን እያፈረ በሬውን ይዞ ወረደ። «በዓል ሻረ» ተብለው ተከሰሱ፤ በበላይ አካልም ተጠርተው ተገሠጹ። እሳቸውም «በበዓል የተከለከለው ለራስ ማረስ ነው፤ ለሙት ልጅ ማረስ ምጽዋት ነው። በበዓል ምጽዋት የሚከለክል ካለ ይንገረኝ» ብለው ተመልሰው፣ በሚቀጥለው ሚካኤል ጠመዱ።

በዘጠናዎቹ፣ ስሙን ማንም ደፍሮ የማይጠራው በሽታ እናትና አባት አንድ ላይ በሚወስድበት ጊዜ፣ ሰው የሙት ልጅ ራስ ለመዳበስ እንኳ የፈራበት ወቅት ነበር። መሪጌታ ያን ጊዜም አፈሩን አስቁመው ጠየቁ። መልስ ሲያጡ የልጁን ጣሳ ተቀብለው ውኃውን ሕዝብ ፊት ጠጡና ጣሳውን መለሱለት። «ሞትሁ?» ብለው ጠየቁ። ከዚያ በኋላ «እኔ አለሁ» የሚል ተገኘ።

ሁሉ ነገራቸው መልካም ነበር ብዬ ግን አልዋሽም። መሪጌታ ቁጡ ነበሩ፤ እኔም ቁጣውን ከየት እንዳመጣሁት ታውቃላችሁ። ልጅ ይዘው በመጡ ቁጥር ምስጋናውን እሳቸው አገኙ፤ ቅማሉን የለቀሙት፣ ሌሊት የሸኑበትን ያጠቡት፣ የራሳቸውን ልጆች ድርሻ እየቀነሱ ያካፈሉት ወ/ሮ ፍሬ ናቸው። አንድ ቀን ሌላ ልጅ ይዘው ሲገቡ ወ/ሮ ፍሬ ሥራቸውን አቁመው «ይርሳው፣ አገሩን ሁሉ መቃብር ላይ ትጠይቃለህ። እኔን አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አሏቸው። መሪጌታ ልጁን ይዘው ደጅ ቆሙ፤ ከዚያም ጠየቁ፤ ወ/ሮ ፍሬም «አሁን ይግባ» አሉ። ከዚያ ወዲህ በየቀብሩ ከዘመድ የሚመለሰው ድምፅ ልጁን አብልታና አጥባ የምታሳድገው ሴት ድምፅ ካልሆነ አይቀበሉም ነበር። ወንዱ ብቻ «አለሁ» ሲል «አንተማ አለህ፤ እሷስ?» ይሉት ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ስለ ገፋ አስተዳዳሪነቱን አስረከቡ። ቀሲስ ስጦታው ተተኩ። ይህንንም መጻፍ አለብኝ። ጥያቄው ቀረ። በአንድ ቀን አልቀረም፤ መጀመሪያ ፀሐይ በርትቷል ተብሎ ታለፈ፤ ቀጥሎ ሟቹ ትልቅ ሰው ነው፣ ጨዋ ቤተሰብ አይሳቀቅ ተብሎ ታለፈ፤ ከዚያ የሚያስታውሰው ጠፋ። ተዝካሩም ተመለሰ። በበዓል ቀን የሙት ልጅ ማሳ ላይ የሚታይ ካህን የለም። ይህ ሁሉ የቀረው መቼ ነው? አገሩ በታመሰበት፣ መንገድ በተዘጋበት፣ ከመቼውም ይልቅ ልጆች ያለ አሳዳጊ በቀሩበት በእነዚህ ዓመታት ነው። በየእሑዱ ስለ እጓለ ማውታ እንሰብካለን። የሰበክንላቸው ልጆች ግን ቢቸና መናኸሪያ ላይ ሶፍት ይሸጣሉ፤ ስንሳፈር በመስኮት አይተናቸው እናልፋለን።

ሊድያና የኔሰው የዚህ ደብር ልጆች ናቸው። አባታቸውን በሁከቱ አጡ። እናታቸው በ2016 ዓ.ም. ምጥ ይዟት መንገድ ተዘግቶ ቤቷ ሞተች። እኔ አዋላጅ ነኝ፤ በምን እንደ ሞተችና እንዴት ልትተርፍ ትችል እንደነበረ አውቃለሁ፤ በዚያ ልጨምርባችሁ አልፈልግም። ቀብሯ ላይ ፍትሐቱ ተደርሶ አካፋው ሲነሣ የጠየቀ አልነበረም። መሪጌታ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ከሰው መካከል «አፈሩ ይቆይ» አሉ። ድምፃቸው ደክሞ ስለነበር ግማሹ አልሰማም፤ የሰማውም አልሰማሁም አለ። አፈሩ ተመለሰ። እሳቸው ሰባ ዓመታቸው ላይ፣ ወ/ሮ ፍሬን ጠይቀው፣ ሁለቱን ልጆችና የአባታቸውን በሬ ይዘው በደብሩ ግቢ ወዳለው ቤታቸው ገቡ።

መሪጌታ ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም በቢቸናና በደብረ ማርቆስ ሲረዱ ቆይተው፣ ሐኪሞቹ ቤታቸው እንዲያርፉ ሲመክሩ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በመጨረሻው ሳምንት ቀሲስ ስጦታውና የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሊቀ መንበር አቶ ዓለምነህ ሊጠይቋቸው መጡ። እኔ በአጠገባቸው ነበርኩ። ቀሲስ ስጦታው አልጋው ሥር ተንበርክከው እያለቀሱ «የኔታ፣ አያስቡ፤ ተዝካርዎን እነማይ ወረዳ አይቶት በማያውቀው ድግስ አወጣዋለሁ። ላሳደጉኝ አባቴ ያልደገስሁ ለማን ልደግስ?» አሉ። አቶ ዓለምነህም «በሬውም እዚሁ ደልቦ አለ» ብለው ጨመሩ። በሬው የሊድያና የየኔሰው በሬ ነው።

መሪጌታ ያን ሰሞን ውኃ ለመጠየቅ እንኳ አቅም አልነበራቸውም። ያኔ ግን ዓይናቸውን ገልጠው «በሬው የእኔ አይደለም» አሉ። ቀሲስ ስጦታው የሰሙት አይመስለኝም፤ እጃቸውን ስመው ወጡ። አጥር ሥር ቆመው ሲነጋገሩ አቶ ዓለምነህ «ቤቱ የደብሩ ነው፤ አርባው እንዳለፈ ባልቴቷ ወደ ልጃቸው ይሂዱ፤ ልጆቹም ዘመድ ይፈለግላቸው። ቦታው መንገድ ዳር ስለሆነ ሱቅ ይሠራበታል» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ቀሲስ ስጦታው ዝም አሉ። የዝምታቸውን ነገር ከእንቢታ ልቆጥረው ፈልጌ ነበር፤ ማግሥቱን ግን ለዳሱ እንጨት መጥቶ ግቢው ውስጥ ተራገፈ።

እናንተ አባቶች፣ ይህ የክፋት ሥራ ቢሆን አልደነቅም ነበር። የሚያቃጥለኝ በፍቅር መሠራቱ ነው። ተዝካር የሙት ልጅን በረት ባዶ እንዳያደርግ ዕድሜያቸውን የታገሉትን ሰው በሙት ልጅ በሬ ልንዘክራቸው ነው። የበላነውን በልተን «አቤት ደግነታቸው!» እያልን አፋችንን ልንጠርግ ነው። ሁለቱ ልጆች ደግሞ አንዷ ወደ አንዱ ዘመድ፣ አንዱ ወደ ሌላው ሊበተኑ ነው፤ ልክ በ1955 ዓ.ም. ይርሳውና በዛብሽ እንደተበተኑት። እናቴ «እንደ ልጄ» ተብላ ተወስዳ በሰው ቤት ጎብጣ እንደ ሞተች አልረሳሁም። ሊድያ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ማን እንደሚፈልጋትና ለምን ሥራ እንደሚፈልጋት ሁላችንም እናውቃለን።

መሪጌታ ይርሳው ደምለው ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ባለቤታቸው ወ/ሮ ፍሬ አዱኛ፣ ልጆቻቸው አቶ ሣህለ ማርያምና ወ/ሮ እስከዳር፣ የልጅ ልጆቻቸውና እኔ በሕይወት አለን። ከአብራካቸው ሳይወጡ በቤታቸው ያደጉ ልጆች ስንት እንደሆኑ አላውቅም፤ እሳቸውም ቆጥረው አያውቁም። ብዙዎቻችሁ እዚህ ቆማችኋል፤ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። የተራቡ ሕፃናትን በእጃቸው ያጠገበ አምላክ ስማቸውን በሕይወት መዝገብ ይጻፍልን፤ ደጅ ቆመው የለመኑትን እሱ በደጁ አያስቁማቸው።

በወጉ እዚህ ላይ ነፍስ ይማር ብዬ መቀመጥ ነበረብኝ። ነገር ግን ሊድያና የኔሰው ከሳጥኑ ራስጌ ቆመዋል። በየሰዉ ቀብር ሲጠይቁ የኖሩት ሰው በራሳቸው ቀብር የሚጠይቅላቸው ቢያጡ ነውሩ የሁላችንም ነው። ስለዚህ አካፋ የያዛችሁ ወንድሞቼ፣ ሥርዓቱ ሲደርስ አፈሩ ይቆይ።

ከዘመድ፣ አሳዳጊያችን አንድ ናቸውና፣ ልጆቹን አብልታና አጥባ የምታሳድገው ሴት እኔ አርሴማ አለሁ። ወደ ቢቸና ዝውውር ጠይቄያለሁ። ሁለቱን ሳልለያይ፣ ወ/ሮ ፍሬን ሳላስወጣ፣ በዚያው ቤት እንኖራለን።

ከጎረቤት፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ትናንት ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው «የጎረቤቱ ድምፅ የእኔ ነው። አባቴ ለይርሳው ያደረገውን ለልጆቹ ባላደርግ አላህ ምን ይለኛል? በሃይማኖታቸው አልገባም፤ የሚነካቸው ሰው ግን እኔን ያገኘኛል» ያሉት አቶ አብዱልዋሂድ አሉ። ከዚህ ሁሉ ካህንና ሽማግሌ ቀድመው ስለ ልጆቹ የጠየቁት እሳቸው ናቸው። እኔ በዚህ አፍሬያለሁ፤ ያላፈረ ካለ እጁን ያውጣ።

ከካህናት አንድ ድምፅ ቀርቷል። ቤቱ እንዳይፈርስ፣ በሬው እንዳይታረድ፣ ማሳው ጦም እንዳያድር፣ ከእንግዲህም በዚህ ግቢ ልጅ ትቶ የሚቀበር ሰው ሁሉ ሳይጠየቅለት አፈር እንዳይለብስ የሚያደርግ ድምፅ ነው። ይህንን ከአስተዳዳሪው በቀር ማንም ሊመልሰው አይችልም። ቀሲስ፣ እርስዎ ማለቱ አሁን ከበደኝ። ስጦታው ወንድሜ፣ በ1987 ዓ.ም. በእናትህ መቃብር አፍ ላይ ቆመህ ሦስተኛው ድምፅ ከየት እንደመጣልህ ታውቃለህ። ያ ድምፅ አሁን ሳጥኑ ውስጥ ነው።

እንጠብቅሃለን። መልስህን ሳይሰሙ አፈር አናለብሳቸውም፤ ነፍስ ይማር የምንለውም ከዚያ በኋላ ነው።